ከማተሚያ ቤቱ በፊት አንባቢ፦ መጽሐፍ በራሳቸው ወጪ ለሚያሳትሙ ሙስሊም ጸሐፊዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በአገራችን በአማርኛ ከሚወጡ እስላማዊ መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚታተሙት በጸሐፊው ኪስ ነው። ጸሐፊው ሌሊቱን ጽፎ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አንድ ሺህ ቅጂ ይታተምለታል። በምረቃው ዕለት ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ የተወሰነ ይገዛል። ጥቂቱ በአንዋር መስጂድ ዙሪያ ላሉ የኪታብ ሱቆች ይከፋፈላል። የቀረው በካርቶን እንደታሰረ አልጋ ሥር ይገባል። ከዓመት በኋላ ጸሐፊው ዕዳውን እየከፈለ “ሕዝባችን እኮ አያነብም” ሲል እንሰማዋለን።

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። ልጆቿን እንዴት ሶላት እንደምታስለምድ ግራ የገባት እናት ደሴ ውስጥ አለች። ለተማሪዎቹ በአማርኛ የተዘጋጀ ሲራ የሚፈልግ የመድረሳ አስተማሪ ጅማ ውስጥ አለ። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ከሥራ በኋላ በስልኳ የምታነበው ትፈልጋለች። እነዚህ ሰዎች አንባቢ ናቸው። ጸሐፊው ግን አያውቃቸውም፣ እነርሱም መጽሐፉ መውጣቱን አልሰሙም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ብቻ የሚሞላ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ መልእክት አጭር ነው። አንባቢ የሚሰበሰበው መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ነው። የተሰበሰበው ስም፣ ስልክ ቁጥርና ገንዘብ ደግሞ አማና ነው። የመጀመሪያውን የዘነጋ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛውን የዘነጋ ከዕዳ የባሰ ነገር ውስጥ ይገባል።

ቀደምት ዑለሞች አድማጫቸውን ይመዘግቡ ነበር

የአንባቢ መዝገብ መያዝ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ካለ የቀደሙትን የኪታብ ቅጂዎች ይመልከት። በተለይ በደማስቆ አንድ ኪታብ በመጅሊስ ሲነበብ በቅጂው ዳር ወይም መጨረሻ ላይ “ሰማዕ” የሚባል ምዝገባ ይሰፍር ነበር። ኪታቡን ያሰማው ማን እንደሆነ፣ አንባቢው ማን እንደነበር፣ እነማን ተገኝተው እንደሰሙ፣ ቦታውና ቀኑ ሁሉ ይጻፋል። የዓሊሙ ስም ከነጋዴው፣ የሴቷ ስም ከወንዱ፣ የሕፃኑም ስም ከአባቱ ጋር ይሰፍራል። ከፊሉን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ካለ ሙሉውን እንደሰማ ተደርጎ አይመዘገብም፤ ያመለጠው ክፍል ይጠቀስበታል።

በ571 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታላቁ የሐዲስና የታሪክ ሊቅ ኢብኑ ዐሳኪር (ረሒመሁላህ) የደማስቆን ታሪክ የጻፉት ዛሬ ታትሞ ከሰባ ጥራዝ በላይ በሚሆን ኪታብ ነው። ይህ ግዙፍ ሥራ ሕዝብ በተሰበሰበበት መጅሊስ ክፍል በክፍል ተነቧል፤ የሰሙት ሰዎች ስምም ተመዝግቧል። ኪታቡ ከደራሲው እጅ ሲወጣ የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ በስም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም ማተሚያ ቤት ባልነበረበት ዘመን ሥራ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት መንገድ ነበር። እንደ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉ የወሎ መሻይኾች በዐጀም፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ የጻፉት መንዙማ ለዛሬ የደረሰው በሰሙትና በገለበጡት ሰዎች ነው። ሥራውን ያኖረው የታወቀ ጀማዓ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ጸሐፊ ከመጻፉ ጋር እኩል አድማጩን ማወቅ እንዳለበት ነው። ዛሬ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

ተከታይ ሌላ፣ የአንባቢ መዝገብ ሌላ

“እኔ ቴሌግራም ላይ አሥር ሺህ ተከታይ አለኝ፤ ምን ምዝገባ ያስፈልገኛል?” የሚል ጸሐፊ ይኖራል። ተከታይ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን የቴሌግራም ቻናል ባለቤት የተከታዮቹን ስልክ ቁጥር አያይም። ማን ደሴ፣ ማን ዱባይ እንዳለ አያውቅም። ቻናሉ ቢጠለፍበት ወይም ቢዘጋበት አሥሩ ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት ይጠፋል። በፌስቡክና በቲክቶክ ደግሞ የጻፍነውን ማን እንደሚያየው የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ ተከታያችን ስለሆነ ብቻ ለሁሉም አይደርስም።

ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት መጀመሪያ አንስቶ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩትዩብና ቲክቶክ በአገራችን ከአምስት ወር በላይ ተገድበው ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ረመዳን ገብቶ ወጥቷል። ቪፒኤን የማይጠቀም አንባቢ ያለው ጸሐፊ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ወቅት አለፈው። የአንባቢዎቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ግን አጭር የጽሑፍ መልእክት ልኮ መጽሐፉ የት እንደሚገኝ መንገር ይችል ነበር።

ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያው አደባባይ ነው፤ እዚያ ሰው እናገኛለን። መዝገቡ ደግሞ ቤታችን ነው፤ ያገኘነውን ሰው እዚያ እናስተናግዳለን። በአደባባይ ያለ ሰው ሁሉ ቤት አይመጣም። የመጣው ግን የኛ እንግዳ ነው።

መዝገቡ የተራቀቀ መሆን የለበትም። ደብተር ይበቃል፣ ኤክሴል ደግሞ ይሻላል። አራት ነገር ከያዘ በቂ ነው፦ ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ ከተማ እና ሰውየው እንድንጽፍለት የፈቀደበት ቀን። ውጭ አገር ላሉ ወገኖች ኢሜይል ይጠቅማል፤ ስልክ ቁጥር ይቀያየራል፣ ኢሜይል ግን አብሮ ይጓዛል። አገር ውስጥ ላለው ደግሞ ስልክ ቁጥር ይቀላል። ዋትሳፕን ለመጠቀም የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ የዋትሳፕ የብሮድካስት ዝርዝር ከ256 ሰው በላይ አይቀበልም፤ መልእክቱም የሚደርሰው የላኪውን ቁጥር ስልካቸው ላይ ለመዘገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትመዘግቡ “ቁጥሬንም መዝግቡልኝ” ማለትን አትርሱ።

እንዴት ይጀመራል?

የመጀመሪያው ሥራ አንባቢውን መለየት ነው። “ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ በሙሉ” የተጻፈ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ለማንም የተጻፈ አይሆንም። አስተማሪ የነበረ ሰው ይህን ከክፍል ያውቀዋል፤ ለአራተኛ ክፍልና ለአሥረኛ ክፍል አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጥም። መጽሐፉ ለማን ነው? አዲስ ለሰለሙ ነው? ለመድረሳ ልጆች ወላጆች? ትዳር ለሚይዙ ወጣቶች? ለነጋዴዎች? መልሱ ሲታወቅ ሰዎቹ የሚገኙበት ቦታም ይታወቃል። ስለ ዘካ የሚጽፍ መርካቶ ካሉ ነጋዴዎች ይጀምራል፤ ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚጽፍ ደግሞ ልጆቻቸውን ለመውሰድ መድረሳ በር ላይ ከሚጠብቁ ወላጆች።

ሁለተኛው በነጻ የሚሰጥ ጠቃሚ ነገር ማዘጋጀት ነው። ሰው ስሙንና ስልኩን የሚሰጠው ጥቅም ሲያይ ነው። ስለ ዘካ የሚጽፍ ሰው የዘካ አሰላልን የምታሳይ ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጅ። ስለ ጾም የሚጽፍ ሰው እርጉዞችና የስኳር ሕሙማን ሐኪማቸውንና ዓሊምን ምን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው የምትዘረዝር ወረቀት ያዘጋጅ። ጽሑፏ በራሷ የተሟላች ትሁን። ግማሹን ቆርጦ “ቀሪውን መጽሐፉን ስትገዙ ታገኛላችሁ” ማለት አንባቢን ያስቀይማል። በመጨረሻዋ መስመር ላይ “እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየሳምንቱ እንዲደርሳችሁ ከፈለጋችሁ በዚህ ቁጥር ስማችሁንና ከተማችሁን ላኩ” ተብሎ ይጻፍ።

ሦስተኛው በመጠኑ መጻፍ ነው። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎችን የሚመክሩት ሐሙስ ሐሙስ ነበር። በየቀኑ ቢያደርጉት እንደሚወድ አንድ ሰው ሲነግራቸው ሰውን ማሰልቸት እንደማይፈልጉ መለሱለት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይሰለቹ በመስጋት ምክርን በጊዜ በጊዜ ያደርጉላቸው እንደነበር ነገሩት። ይህ ዘገባ በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ይገኛል። ለአንድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ጠቃሚ ነገር ይበቃል። በቀን ሦስት ጊዜ “ግዙ” የሚል ሰው ጽሑፉ ሳይነበብ ይሰረዛል።

አራተኛው ማዳመጥ ነው። ከላክነው ጽሑፍ ሥር “በዚህ ርእስ ላይ ምን ግራ ያጋባችኋል?” ብለን እንጠይቅ። የሚመጡት ጥያቄዎች የመጽሐፉ ምዕራፎች ናቸው። አንድ ጥያቄ ከሃያ ሰው ከመጣ ያ ምዕራፍ መሰፋት አለበት። ማንም ያልጠየቀው ሠላሳ ገጽ ካለ ደግሞ ሊያጥር ይችላል። ከመዝገቡ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ሰው መርጦ ረቂቁን ማስነበብም ይጠቅማል። አንዱ ዓሊም፣ አንዱ አማርኛን የሚያርም፣ የቀሩት መጽሐፉ የተጻፈላቸው ተራ አንባቢዎች ይሁኑ።

አምስተኛው ጊዜን ማወቅ ነው። ስለ ጾም የተጻፈ መጽሐፍ ረመዳን አሥር ቀን ሲቀረው ምዝገባ ቢጀምር ዘግይቷል። ረጀብ ላይ ተጀምሮ መጽሐፉ ሸዕባን ላይ እጅ መግባት አለበት። የሐጅ መጽሐፍም ሰው ዝግጅት ከሚጀምርበት ጊዜ መቅደም ይኖርበታል።

የካርቶኑ ስሌት

ብዙ ጸሐፊ የሚታለለው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚያታልለው ሰው ሳይሆን ስሌቱ ነው። በኦፍሴት ኅትመት የፕሌትና የማሽን ዝግጅት ወጪው ለ300 ቅጂም ለ3000 ቅጂም ያው ነው። ስለዚህ ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይቀንሳል። ጸሐፊው ይህን ሲያይ “ሁለት ሺህ ላሳትም፤ ይረክስልኛል” ይላል። ያልተሸጠ መጽሐፍ ግን በምንም ዋጋ አይረክስም።

ለስሌት ያህል እንበል፦ 1000 ቅጂ በ200,000 ብር ታተመ፤ የመሸጫ ዋጋው 400 ብር ነው፤ አከፋፋይና ሱቅ በጋራ 40 በመቶ ይወስዳሉ። በሱቅ ከሚሸጠው አንድ መጽሐፍ ጸሐፊው 240 ብር ያገኛል። ሁሉም በሱቅ ቢሸጥ የኅትመት ወጪውን ብቻ ለመመለስ 834 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ከመዝገቡ 300 ሰው በቀጥታ በ400 ብር ቢገዛው ግን 120,000 ብር በእጁ ገባ። የቀረውን 80,000 ብር ለማግኘት በሱቅ 334 መሸጥ ይበቃዋል፤ በድምሩ 634 ነው። ሦስት መቶ የታወቁ አንባቢዎች ሁለት መቶ መጽሐፍ ከካርቶን አወጡለት ማለት ነው። ገንዘቡም በቶሎ ገባ፤ ከሱቅ የሚመጣው ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ይህ ማለት የኪታብ ሱቆች አያስፈልጉም ማለት አይደለም። እኛን የማያውቀንን አንባቢ የሚያገኙልን እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የመዝገቡን ልክ ሳያውቁ የቅጂ ብዛት መወሰን በጨለማ መራመድ ነው። የተመዘገበ ሁሉ ይገዛል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ከማሳተም በፊት “ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ እርግጠኛ የሆናችሁ አሳውቁኝ” ብሎ ጠይቆ መልስ የሰጡትን መቁጠር ይሻላል። መልሱ ጥቂት ከሆነ በትንሽ ቅጂ መጀመርና ሲያልቅ ሁለተኛ ዙር ማሳተም ነውር የለውም።

ቅድመ ክፍያ በሸሪዓ ሚዛን

ከአንባቢ አስቀድሞ ገንዘብ ሰብስቦ ማሳተም እየተለመደ ነው። ይህ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በእጁ የሌለውን ነገር እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ያልታተመ መጽሐፍ ደግሞ በእጅ የለም።

ይሁን እንጂ ሸሪዓው በሩን አልዘጋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የፍሬ ዋጋ አስቀድመው ከፍለው ከዓመትና ከሁለት ዓመት በኋላ ይረከቡ ነበር። እርሳቸውም መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። ይህ “ሰለም” የሚባለው ውል ነው። ዋና ዋና መስፈርቶቹ ዕቃው በዝርዝር መገለጹ፣ የሚረከቡበት ጊዜ መታወቁ እና፣ አብዛኞቹ ፉቀሃእ እንደሚሉት፣ ዋጋው በሙሉ ውሉ በተፈጸመበት ቦታ መከፈሉ ናቸው። ሌላው “ኢስቲስናዕ” ነው፤ ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግ ውል ነው። የሐነፊ መዝሀብ ራሱን የቻለ ውል አድርጎ ይቀበለዋል። ሻፊዒዮች ግን የሰለም መስፈርት ካላሟላ አይቀበሉትም። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳለፈው ውሳኔ ኢስቲስናዕን ተቀብሎ፣ ዋጋው በየክፍሉ ሊከፈል እንደሚችል አስታውቋል።

በሥራ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ቅድመ ክፍያ የሚቀበል ጸሐፊ የመጽሐፉን ርእስ፣ የገጽ ብዛት፣ የወረቀቱንና የሽፋኑን ዓይነት እንዲሁም የሚያስረክብበትን ቀን ይግለጽ። “ኢንሻአላህ በቅርቡ ይወጣል” የጊዜ ገደብ አይደለም። ገንዘብ የሚሰበሰበው ረቂቁ ካለቀና የማተሚያ ቤቱ ፕሮፎርማ በእጅ ከገባ በኋላ ይሁን። ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጣል። የተቀበልነውን ዋጋ ግን በኋላ “ወረቀት ተወደደ” ብለን መጨመር አንችልም። ቀኑ ካለፈ ለአንባቢው መንገርና ገንዘቡን ለሚፈልግ መመለስ ግዴታችን ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የገባው ገንዘብም ከቤት ወጪ ጋር እንዳይቀላቀል በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚቀለው መንገድ ያለ ክፍያ መመዝገብ ነው። አንባቢው “ሲወጣ እገዛለሁ” ይላል፤ መጽሐፉን ሲረከብ ይከፍላል። ማንም የማንም ባለዕዳ አይሆንም። ወደ ቅድመ ክፍያ የሚገባ ግን የውሉን ዝርዝር ይዞ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

የአንባቢው ስም አማና ነው

አንድ ሰው ስልክ ቁጥሩን ለመጽሐፍ ብሎ ከሰጠ ለመጽሐፍ ብቻ ነው የሰጠው። ያንን ቁጥር ለነጋዴ ጓደኛ ማሳለፍ፣ ሳያስፈቅዱ በግሩፕ ውስጥ መጨመር፣ ለሌላ መዋጮ መጥሪያ ማድረግ አማናን መብላት ነው። በተለይ የእህቶች ቁጥር በግሩፕ ውስጥ ለማያውቋቸው ወንዶች ሲታይ የሚያስከትለውን ችግር የምናውቀው ነው። ለዚህ ነው ከግሩፕ ይልቅ ለየአንዳንዱ በተናጠል የሚደርስ መልእክት የሚመረጠው። “ከእንግዲህ አትላክልኝ” ያለን ሰው ምክንያት ሳይጠይቁ ማውጣት ይገባል። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል።

ማስታወቂያውም ሐቅ ይሁን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) “ነጅሽ”ን፣ ማለትም የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ሌላውን ለማታለል ዋጋ ማናርን፣ ከልክለዋል። የሐሰት ተከታይ መግዛት፣ በጓደኛ ስም የራስን መጽሐፍ ማወደስ፣ መጋዘን ሞልቶ ሳለ “ሊያልቅ ነው” ማለት ከዚህ መንፈስ አይርቁም። መስጂድ ውስጥ መሸጥም በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ መጽሐፉ እስላማዊ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ኮሚቴውን አስፈቅዶ ከግቢው ውጭ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማቅረብ ይቻላል።

በሌላ በኩል አንባቢውም አማና አለበት። ገና በወጣ በሳምንቱ መጽሐፉን እስካን አድርጎ በፒዲኤፍ በቴሌግራም የሚበትን ሰው “ዲን ነው፤ ለሁሉም ይድረስ” ይላል። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ የደራሲ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑንና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። የአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ጸሐፊውም ቢሆን ድርሻ አለው፦ የታተመው መጽሐፍ በማይደርስበት አገር ላሉት በተመጣጣኝ ዋጋ ፒዲኤፍ ራሱ ቢያቀርብ፣ መግዛት ለማይችል ደግሞ ለሰደቃ ከሚገዙ ሰዎች ቅጂ ቢያዘጋጅ የሕገ ወጡ ምክንያት ይደክማል።

ዛሬ ምን እናድርግ?

ረቂቅ በእጁ ያለ ወንድም ወይም እህት ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ደብተር ይግዛ። መጽሐፉ ይጠቅማቸዋል ብሎ የሚያስባቸውን ሃያ ሰዎች ስም ይጻፍ፤ ለእያንዳንዳቸው ደውሎ አንድ ጽሑፍ ይላክላቸው፤ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ። ሃያው እያንዳንዱ አንድ ሰው ቢያመጣ አርባ ይሆናል። ከስድስት ወር ትዕግሥት በኋላ ማተሚያ ቤቱ “ስንት ቅጂ?” ብሎ ሲጠይቀው በግምት ሳይሆን መዝገቡን ተመልክቶ ይመልሳል።

በአማርኛ የሚጻፍ ጠቃሚ ኪታብ ገና ብዙ ያስፈልገናል። አንዱ መጽሐፉ ባለዕዳ ያደረገው ጸሐፊ ሁለተኛውን አይጽፍም። ሁለተኛው እንዲጻፍ የመጀመሪያው አንባቢው እጅ መድረስ አለበት።

አላህ (ሱ.ወ) ኒያችንን ያጥራልን፤ ለብዕራችንም በረካ ይስጠው። ወላሁ አዕለም።